ስለ ማየትና ስለ ማስተዋል

ያገራችን ሰው አንድ ነገር በእርግጥ ማየቱን ሲያስረዳ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ይላል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ይህን ቃል ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ ግን ዓይኔ አሳፍሮኛል።

በአንድ የትምህርት ቤት በዓል በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተማሪዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው ሳለ፥ አንድ ልጅ ብቻ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ሲስቅ ታየ። ፎቶግራፉን ማስረጃ አድርጌ በጓደኞቹ ፊት ገሠጽሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱ ስታነጋግረኝ፥ ያን ዕለት ከሩቅ መንገድ ዘግይታ ደርሳ ከአጥሩ ሥር ቆማ እንደ ነበረች፥ ልጅዋም የሳቀው እርስዋን አይቶ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ እናቲቱ ግን ከፎቶግራፉ ዳር ውጭ ነበረች።

ይህ ነገር ትዝ የሚለኝ፥ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በጀርመን አገር የተደረገውን የአንድ ኤግዚቢሽን ታሪክ ሳነብ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) በ1929 ዓ.ም. ከሜይ 18 እስከ ጁላይ 7 ቀን፥ ዶይቸር ቬርክቡንድ የተባለው የኪነ ጥበብና የኢንዱስትሪ ማኅበር በሽቱትጋርት ከተማ «ፊልምና ፎቶ» የተባለውን ኤግዚቢሽን አሳየ። ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ፎቶግራፎች ቀረቡ። የሃንጋሪው ተወላጅ ሞሆሊ ናጊ ባሰናዳው አዳራሽ፥ የጥበበኞች ሥራ ከራጅ ፎቶግራፍ፥ ከአየር ላይ ከተነሣና ለጋዜጣ ከተነሣ ፎቶግራፍ ጋር ጎን ለጎን ተሰቀለ፤ ሰውዬው ካሜራ ለሰው ልጅ አዲስ ዓይን ነው ብሎ ያምን ነበርና። የአሜሪካኖቹን ሥራ ኤድዋርድ ዌስተንና ኤድዋርድ ስታይከን፥ የሶቪየት ኅብረትን ኤል ሊሲትዝኪ አሰናዱ። በጁን ወርም ሃንስ ሪክተር ባቋቋመው የፊልም ፕሮግራም የአይዘንስታይንና የቬርቶቭ ሥራዎች ታዩ።

በዚያው ኤግዚቢሽን ጆን ሃርትፊልድ ፎቶግራፎችን እየቆረጠና እየቀጠለ የሠራቸው ሥራዎች ነበሩ። ከበላያቸው፥ ፎቶግራፍን እንደ ጦር መሣሪያ ተጠቀምበት የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ሃርትፊልድ መሣሪያውን ያነሣው በግፈኞች ላይ ነው። ነገር ግን መሣሪያ ጌታውን አይመርጥም። በ1933 ዓ.ም. ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በበርሊን «ካሜራ» የተባለ ሌላ ኤግዚቢሽን ተደረገ፤ ጎብልስም ንግግር አድርጎ ከፈተው። በዚያ ግዙፍ ሆነው የተሰቀሉት የፓርቲው ሰልፎች ፎቶግራፎች ነበሩ። ሃርትፊልድ ግን አስቀድሞ ወደ ፕራግ ሸሽቶ ነበር፤ ሞሆሊ ናጊም በ1934 ዓ.ም. ከአገሩ ወጣ።

የኮሎኙ ፎቶግራፍ አንሺ አውጉስት ዛንደርም በ1929 ዓ.ም. የ60 ፎቶግራፎች መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ገበሬውን፥ የኬክ ጋጋሪውን፥ ሥራ አጡን ሁሉ ሳያሳምርና ሳያዋርድ አቆማቸው። በ1936 ዓ.ም. ባለሥልጣኖቹ የመጽሐፉን ማተሚያ ሰሌዳ አጠፉ። አንድ ዓይነት ፊት ብቻ ማየት ለሚሻ መንግሥት የሕዝቡ እውነተኛ ፊት አልተመቸውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አዲሱ ዓይን ለደጉም ለክፉውም እኩል ተሰጥቶ ነበር፤ ልዩነቱ ከመነጽሩ በስተኋላ በቆመው ሰው ሕሊና ነበር። ተመልካቹም ከዕዳ ነፃ አይደለም። ዛሬ ካሜራ በያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ስላለ፥ ፎቶግራፍ አይተን በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት፥ ማን አነሣው፥ ለምን አሳየኝ፥ ማንንስ በውጭ አስቀረ ብለን እንጠይቅ።

እኔ ያን ልጅ ብቻውን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። የገሠጽሁት ግን በሁሉ ፊት ነበር፤ ይቅርታውም በሁሉ ፊት ሊሆን ይገባው ነበር።