ጭምብል ያጠለቀው የአእምሮ ሐኪም

ሜይ 2 ቀን 1972፣ አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን እያካሄደ ነው። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት ተናጋሪዎች አንዱ ከልኩ በጣም የሰፋ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍቷል፣ ፊቱን በላስቲክ ጭምብል ሸፍኗል። ማይክራፎኑም ድምፁን እንዲለውጥለት ተደርጓል። ለታዳሚው የተዋወቀው «ዶክተር ኤች አኖኒመስ» በሚል ስም ነው፤ ስም የለሹ ዶክተር እንደ ማለት።

ሰውየው እዚያው አዳራሽ ውስጥ እንደተቀመጡት ሁሉ የአእምሮ ሐኪም ነው። ሊናገር የመጣው ነገርም አጭር ነው፦ እኔ የእናንተው ባልደረባ ነኝ፣ የማፈቅረው ደግሞ ወንዶችን ነው።

ታዲያ ይህን ለማለት ጭምብል ለምን አስፈለገው? ለምን መሰላችሁ፣ በዚያን ጊዜ በራሱ ማኅበር መጽሐፍ መሠረት ይህ ሐኪም በሽተኛ ነበር።

ማኅበሩ የአእምሮ ሕመሞችን ዘርዝሮ የሚያሳትመው መመሪያ አለ፤ ዲኤስኤም ይባላል። የመጀመሪያው እትም በ1952 ሲወጣ ለተመሳሳይ ፆታ የሚሰማ ፍቅር ከሕመሞቹ ተርታ ገባ። በ1968 የወጣው ሁለተኛው እትምም እዚያው አቆየው። ሕጉም ከመጽሐፉ ጋር ይስማማ ነበር። ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን ግንኙነት ከወንጀል ዝርዝር ቀድማ ያወጣችው ኢሊኖይ ስትሆን፣ ሕጓ ሥራ ላይ የዋለው በ1962 ነው። አንድ ሐኪም ማንነቱ ቢታወቅበት ሥራውን ሊያጣ ይችላል። ጭምብል ያጠለቀው ጆን ፍራየር ራሱ በዚህ ምክንያት ከስፔሻሊቲ ሥልጠናው ለመልቀቅ ተገዶ ያውቃል። መድረኩን ካዘጋጁት አንዷ ባርባራ ጊቲንግስ ሌሎች ሐኪሞችንም ጠይቃ ነበር፤ ፊታቸውን ገልጠው ሊቀርቡ ስላልደፈሩ የጻፉላትን ደብዳቤ እሷ አነበበችላቸው።

አሁን ራሳችሁን በታካሚው ቦታ አስቀምጡት። ዕድሜያችሁ ሃያ ነው እንበል። እንቅልፍ አጥታችኋል፣ ምግብ አስጠልቷችኋል። ምናልባት ሐዘን ላይ ናችሁ፣ ምናልባት ከቤተሰብ ተጣልታችኋል። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ማንን እንደምታፈቅሩ ከነገራችሁት፣ እንቅልፋችሁን ትቶ ፍቅራችሁን ማከም ይጀምራል። አንዳንዶች ለዓመታት ሶፋ ላይ እየተጋደሙ ስለ እናት አባታቸው ተጠየቁ። ሌሎች የወንድ ፎቶ እያዩ በኤሌክትሪክ ንዝረት ተመቱ፣ ወይም የሚያስመልስ መድኃኒት ተሰጣቸው። ካልነገራችሁት ደግሞ ሕክምናው ግማሽ ነው፤ ዋናውን ነገር ደብቃችሁ ስለ ቀሪው ታወራላችሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀመጥ የሚያስበው «ምን ሆኜ ይሆን?» ብሎ አይደለም፤ «ይሄ ሰው ስለ እኔ ምን ያስባል?» ብሎ ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ በብዛት የምንጠቀምበት ቃል ፍርዱን አብሮ የያዘ ነው፤ ሰውየው ምን ሆነ ሳይባል ስሙ ብቻውን ይከሰዋል። እዚህ «ለተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው» እላለሁ፤ ይረዝማል፣ ግን አይፈርድም። ለወንድም ለሴትም ሊሳቡ የሚችሉትን ደግሞ፣ ሌላ የለመድነው ቃል ስለሌለ፣ ባይሴክሹዋል ብዬ እቀጥላለሁ።

ወደ ሳይንሱ እንግባ፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው።

በ1950ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኤቭሊን ሁከር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። አንድ የቀድሞ ተማሪዋና ጓደኞቹ ቤታቸው ጋበዟት፣ ተግባቡ። ከዚያም ተማሪዋ «እኛን የመሰሉ ሰዎችን ማጥናት ሳይንሳዊ ግዴታሽ ነው» አላት። ምን ማለቱ ነው? እስከዚያ ድረስ የነበሩት ጥናቶች ሰዎቻቸውን በአብዛኛው ያገኙት ከእስር ቤትና ከአእምሮ ሐኪም ክሊኒክ ነበር። የጥርስ ሐኪም በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ቆጥሮ፣ «የሰው ልጅ በሙሉ ጥርሱን ያመዋል» ብሎ እንደ መደምደም ነው!

ሁከር ሕክምና ላይ ያልነበሩ 60 ወንዶችን ሰበሰበች። 30ዎቹ ለወንድ ፍቅር ያላቸው፣ 30ዎቹ ለሴት። በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃና በአይኪው አመሳስላ አጣመረቻቸው። ብዙዎቹን ማንም እንዳያያቸው በራሷ ግቢ ውስጥ ባለች ትንሽ ቤት ነበር የምታነጋግራቸው። በጊዜው የሰውን ውስጥ ያሳያሉ ተብለው የሚታመኑትን ፈተናዎች ሰጠቻቸው፤ በተለይ የቀለም ጠብታ ምስል አይቶ «ምን ይመስልሃል?» የሚባልበትን ሮርሻክን። ከዚያ መልሶቹን ስማቸውን ሸፍና ለሦስት ታዋቂ ባለሙያዎች ሰጠች። ከእነሱ መካከል ብሩኖ ክሎፕፈር የሮርሻክ ሊቅ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ ይለያሉ ተብሎ ተጠበቀ።

አልቻሉም። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የተሻለ ውጤት አላመጡም። በሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የአእምሮ ጤናቸው መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ተመዘነ። ጥናቱ በ1957 ታተመ።

ግን ጥናቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወራለት አንድ ዝርዝር አለ። ሁከር ንጽጽሩ ጥርት እንዲል ስለፈለገች፣ በመጀመሪያው ቡድን ለመያዝ የሞከረችው ከሴት ጋር ግንኙነት ኖሯቸው የማያውቁትን ነው፤ ከሦስት በስተቀርም ተሳካላት። እንደ ዘዴ ካየነው አይፈረድባትም፤ ሁለት ነገር ስታወዳድሩ መሀል ላይ ያለውን ማውጣት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ መሀል ላይ የነበሩት ሰዎች ነበሩ። ባይሴክሹዋሎቹ በር ላይ ቀሩ።

በተቃራኒው ጎራስ? በ1962 ኧርቪንግ ቢበር የተባለ የሥነ ልቦና ተንታኝ ከባልደረቦቹ ጋር ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። በሕክምና ላይ የነበሩ 106 ወንዶችን አጥንተው፣ 29ኙ ሙሉ በሙሉ ወደ ሴት ዞረዋል፣ ይህም 27 በመቶ ነው አሉ። «ይድናል» ለሚሉት ይህ ቁጥር ለዓመታት ጋሻ ሆናቸው። ቁጥሩን ግን ከፈት አድርጋችሁ እዩት፦ ከ29ኙ 15ቱ ሕክምናውን ሲጀምሩም ባይሴክሹዋል ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። መጀመሪያውንም ለሴት ይሳቡ የነበሩ ሰዎች ከሴት ጋር ሲሆኑ «ዳኑ» ተብለው ተቆጠሩ!

ልብ በሉ። አንደኛው ጥናት ውስጥ ንጽጽሩን ስለሚያደበዝዙ ወጡ፣ ሌላኛው ውስጥ ቁጥሩን ስለሚያሳድጉ ገቡ። «አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ኤድመንድ በርግለር የተባለው ተንታኝማ በ1956 መጽሐፉ ባይሴክሹዋል የሚባል ሰው ጨርሶ የለም ብሎ ጽፎ ነበር። ያውም ከ8 ዓመት በፊት፣ ከዚያ ቀደም ተርብ የመሰለች ትንሽ ነፍሳት ያጠና የነበረው አልፍሬድ ኪንሲ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶችን አነጋግሮ የሰው ስሜት ከ0 እስከ 6 በሚሄድ መስመር ላይ የተበተነ መሆኑን ካሳየ በኋላ። ነፍሳት ሲመድብ የኖረ ሰው ተፈጥሮ በሁለት ሳጥን እንደማታልቅ ገብቶታል፤ ሰው የሚያክሙት ናቸው ያልገባቸው።

ከዳላሱ ጭምብል በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። ሮበርት ስፒትዘር የተባለ የማኅበሩ ሐኪም ክርክሩን ወደ አንድ ቀላል ጥያቄ አወረደው፦ ሕመም ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየውን ራሱን የሚያሠቃየው፣ ወይም ኑሮውን የሚያሰናክልበት ከሆነ ሕመም ነው። ሥራውን እየሠራ፣ ወዳጅ እያፈራ፣ ደስ ብሎት የሚኖርስ? ዲሴምበር 15 ቀን 1973 የማኅበሩ ቦርድ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ወሰነ። ተቃዋሚዎች የመላው አባላት ድምፅ ይሰጥበት አሉ፤ በ1974 ተሰጠ። 5,854 ለ 3,810 ውሳኔው ጸና።

«እንዴ፣ ሳይንስ በድምፅ ብልጫ ነው እንዴ የሚወሰነው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በጊዜውም ተሳልቆበታል። ነገር ግን ወደ ዝርዝሩ ሲገባስ በምን ማስረጃ ነበር? ድምፁ የተሰጠው የሁከር ዓይነት ጥናቶች ከተገኙ በኋላ ነው። መግቢያው ላይ ግን ክሊኒክ በር ላይ ከመቆጠር የተሻለ ነገር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከራሱ የበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው ሜይ 17 ቀን 1990 ነው።

ስፒትዘር ራሱ በኋላ ተንሸራተተ። በ2003 አንዳንድ ሰዎች በሕክምና ፍቅራቸውን መለወጥ ችለዋል የሚል ጥናት አሳተመ። ማስረጃው 200 ሰዎች ስለ ራሳቸው በስልክ የነገሩት ብቻ ነበር። በ2012 መደምደሚያው እንደማይጸና አምኖ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ።

መጽሐፍ ሲታረም ግን ሐኪሙ አብሮ አይታረምም። በ1974 ከእንቅልፉ የነቃ ታካሚ ከተማው ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ትናንት የነበሩት ናቸው። ከ9,000 በላይ ከሆኑት ድምፅ ሰጪዎች 3,810ዎቹ ፍቅሩን አሁንም በሽታ ይሉታል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ ግንባራቸው ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ሰዎች የራሳቸውን በር ከፈቱ። ቻርልስ ሲልቨርስታይን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1973 ኒው ዮርክ ውስጥ የምክር ማዕከል መሠረተ። በ1982 አላን ማሊዮን አካሄዱን ስም ሰጥቶ ጻፈበት፦ አፈርማቲቭ ሕክምና፣ ማንነትን የሚቀበል ሕክምና ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ታካሚውን ማሞካሸት አይደለም። ፍቅሩን እንደ ችግር አትይ፤ በፍቅሩ ምክንያት የደረሰበትን ስድብ፣ ፍርሃትና መደበቅ ግን እንደ እውነተኛ ቁስል ያዝ ነው የሚለው።

ባይሴክሹዋሎቹ እዚህም ቶሎ ቦታ አላገኙም። አንዳንዱ አማካሪ «አሁንም ፈርተህ ነው፣ ቁርጥህን ንገረኝ» ይላቸው ነበር። ከናዚዎች ሸሽቶ ከቪየና የወጣ ቤተሰብ ልጅ የሆነው የአእምሮ ሐኪም ፍሪትዝ ክላይን በ1974 ኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስለ ባይሴክሹዋሎች የተጻፈ ሲፈልግ ያገኘው ከምንም የማይቆጠር ነበር። የውይይት ቡድን አቋቋመ፣ በ1978 ደግሞ መጽሐፍ አሳተመ። ቁጥር የሚሞላባቸው 21 ሳጥኖች ያሉት ሠንጠረዥም ሠራ፦ የምትሳበው ለማን ነው? የምታልመው ማንን ነው? ልብህን የምትሰጠውስ? ያኔ፣ አሁን፣ ወደፊት እንዲሆን የምትመኘው? አዲሱ ነገር ሳጥኖቹን የሚሞላው ሐኪሙ ሳይሆን ሰውየው ራሱ መሆኑ ነበር።

የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2000 ባወጣው መመሪያ ባይሴክሹዋል ታካሚዎችን በስም ጠርቶ አካተተ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ቴራፒስት የሚፈልግ ሰው በኢንተርኔት ማውጫ ላይ «ኤልጂቢቲኪው» የሚለውን መርጦ ስሞችን ማጣራት ይችላል። ያቺ ምልክት ግን ባለሙያው ራሱ የሚያደርጋት ናት፤ ብዙ አትናገርም። ለዚህ ነው ብዙዎች ከቀጠሮ በፊት በስልክ የሚጠይቁት፦ ከዚህ በፊት ባይሴክሹዋል ሰዎችን አማክረህ ታውቃለህ? ሰው ማንን እንደሚያፈቅር መለወጥ ይቻላል ብለህ ታምናለህ? የምነግርህን ለማን ልትናገር ትችላለህ? ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል፤ ወላጅ ምን የማወቅ መብት እንዳለው ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሌላም ሒሳብ አለበት። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማውራት ይቀለዋል፤ ግን አማካሪው ወይም አስተርጓሚው እናቱን በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ቢሆንስ? የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕግ በሚያስቀጣባት በኢትዮጵያ ደግሞ የምስጢሩ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። ፍራየር እንኳ ጭምብሉን ያጠለቀው እሱ መሆኑን በባልደረቦቹ ጉባኤ ላይ የተናገረው ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1994 ነው።

ለባይሴክሹዋል ሰው ደግሞ ከቢበር ቁጥሮች በቀጥታ የሚወጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ነገ ተቃራኒ ፆታ ባገባ፣ ነገሩ አበቃ፣ ዳንክ ትለኛለህ?» አማካሪው «አዎ» ካለ፣ ወይም ጥያቄው ራሱ ካልገባው፣ ሌላ ስልክ ቁጥር መደወል ይሻላል።