የፍሬን ፔዳል ሲጠነክር፦ በቆዩ ተሽከርካሪዎች የፍሬን አጋዥ ብልሽት የሚለይባቸው መንገዶች

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚያልፈው አውራ ጎዳና አዲስ አበባን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው መስመር አካል ነው። ከአካባቢው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደጀንን እንዳለፈ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደሚዘቀዝቀው የዓባይ ሸለቆ ይገባል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው ጠመዝማዛ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። በመሆኑም ለረጅም ዓመታት ያገለገለ የመስክ ተሽከርካሪ የፍሬን እክል ካለበት፣ እክሉ መታወቅ ያለበት በመሥሪያ ቤቱ ግቢ እንጂ በቁልቁለቱ ላይ አይደለም።

አጋዡ እንዴት ይሠራል?

በጋራዥ ቋንቋ ቡስተር የሚባለው ክፍል በፔዳሉና በፍሬን ማስተሩ መካከል ይገኛል። በውስጡ ያለውን ላስቲክ በአንድ ወገን ቫኪዩም፣ በሌላው ወገን የውጭ አየር ግፊት ስለሚያርፍበት የሾፌሩን የእግር ኃይል ያበዛል። ቫኪዩሙ በቤንዚን ሞተር ከአየር ማስገቢያው፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ ሞተሩ ከሚያሽከረክረው ፓምፕ ይገኛል። በብዙ የቆዩ የናፍጣ መኪኖች ፓምፑ ከዲናሞው ጋር የተያያዘ በመሆኑ የላላ ቺንጋ ፍሬኑንም ያዳክማል።

የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። ከባሕር ወለል 1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋ ጤነኛ ቡስተር እንኳ የሚሰጠው እገዛ ያነሰ ሲሆን፣ ጥቂት የአየር መሹለክም ቶሎ ይሰማል።

ያለመሣሪያ የሚደረጉ ሦስት ፍተሻዎች

ተሽከርካሪው በሜዳ ላይ ቆሞ የእጅ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚከተሉት ይፈጸማሉ።

1. ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ አምስት ስድስት ጊዜ ይረገጣል። በመጨረሻው ላይ እንደተረገጠ ሞተሩ ይነሳል። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ቡስተሩ እየሠራ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ እገዛው አልደረሰም።

2. ሞተሩ አንድ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ከዚያም ፔዳሉ በዝግታ ደጋግሞ ይረገጣል። በመጀመሪያው ጠልቆ በተከታዮቹ ከፍ እያለ ከመጣ ቡስተሩ አየር አያስወጣም።

3. ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ይረገጣል፤ ሳይለቀቅም ሞተሩ ይጠፋል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ፔዳሉ እግርን ወደ ላይ ከገፋ ቫኪዩሙ እየሾለከ ነው።

መንስኤውን መለየት

ብልሽት ከተገኘ ቡስተሩን ከመለወጥ በፊት ርካሾቹን ነገሮች መመርመር ወጪ ያድናል። ወደ ቡስተሩ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ሊሆን ይችላል። በቱቦው ላይ ያለው ቫልቭ አየርን ወደ ሞተሩ ብቻ ማሳለፍ ሲገባው በሁለቱም አቅጣጫ ካሳለፈ ይለወጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ በሾፌሩ እግር አካባቢ የፉጨት ድምፅ ከተሰማና የሞተሩ አሠራር ከተዛባ የቡስተሩ ላስቲክ መቀደዱን ያመለክታል። የፍሬን ዘይት በውጭ ሳይታይ የሚጎድል ከሆነም ከማስተሩ ወደ ቡስተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ፔዳሉ ሳይጠነክር የሚላላ ወይም ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ በዘይቱ መስመር አየር መግባቱን፣ የዘይት መፍሰስን ወይም የማስተር መድከምን ያሳያል። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪኖች የተለየ ፍተሻ ያስፈልጋቸዋል።

የስምሪት ኃላፊነት

የቡስተር መበላሸት ፍሬኑን ፈጽሞ ባያጠፋውም መኪናውን ለማቆም የሚያስፈልገውን የእግር ኃይል በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በቁልቁለት ሞተር ማጥፋት ጤነኛውን ተሽከርካሪ ለተመሳሳይ አደጋ ያጋልጣል፤ ከጥቂት ርግጫ በኋላ የተጠራቀመው ቫኪዩም ያልቃልና። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ከመጋል ይጠብቃል።

ሾፌሩ ፔዳሉ መጠንከሩን ወይም መላላቱን ለይቶ በጥገና መጠየቂያው ላይ ሲያሰፍር ባለሙያው ወደ መንስኤው በቀጥታ ይሄዳል። የስምሪት ኃላፊውም ከሦስቱ ፍተሻዎች በአንዱ የወደቀ ተሽከርካሪ እስኪጠገን ድረስ ጉዞው የቱንም ያህል አስቸኳይ ቢሆን ከግቢ እንዳይወጣ ማድረግ ይጠበቅበታል።