ዜና ፒራሚድ፦ የግብፅ ነገሥታት መቃብርና ሊያዩት የመጡ መንገደኞች

ፒራሚድ የጥንት ግብፅ ነገሥታት መቃብር ነው። በግብፅ ምድር ከመቶ በላይ ፒራሚዶች ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹም ከዓባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ የእርሻው መሬት አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ቆመዋል። ግብፃውያን ፀሐይ የምትጠልቅበትን ወገን የሙታን አገር አድርገው ያምኑ ስለ ነበር ንጉሣቸውን በዚያ በኩል ቀበሩት። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከፀሐይ አምላክ ጋር ይኖራል ይሉ ነበርና መቃብሩን ወደ ላይ አስረዘሙለት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2670 ገደማ ጆሴር ነገሠ፤ መናገሻውም ሜምፊስ ነበረች። ከእርሱ በፊት የነበሩት ነገሥታት በጭቃ ጡብ በተሠራ፣ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ መቃብር ይቀበሩ ነበር። የጆሴር ሹም ኢምሆቴፕ ግን በሳቃራ ጡቡን ትቶ በድንጋይ ጀመረ። መጀመሪያ የሠራው እንደ ቀድሞው ዝቅ ያለ መቃብር ነበረ፤ ቆይቶም በላዩ ሌላ ደረበበት፤ እየደጋገመም ጨመረና ሥራው ስድስት እርከን ሆኖ 60 ሜትር ያህል ከፍ አለ። ዙሪያውንም 1,600 ሜትር ገደማ በሚረዝም የድንጋይ ቅጥር ከበበው። ጆሴርም የሹሙን ስም በራሱ ሐውልት እግር ሥር አስቀረጸለት፤ ንጉሥ ለአገልጋዩ እንዲህ ያለ ክብር መስጠቱ በግብፅ ብርቅ ነገር ነው። ኢምሆቴፕንም የኋላ ዘመን ሰዎች የሕክምና አምላክ አድርገው አመለኩት።

ከዚህ በኋላ የነገሠው ስነፍሩ ሦስት ታላላቅ ፒራሚዶችን አሠራ። አንዱ በሜይዱም ነው፤ ልባሱ ፈርሶ ዛሬ የሚታየው እንደ ግንብ የቆመው መሐሉ ብቻ ነው። ሁለተኛውን በዳህሹር ጀመረ፤ ጎኑ ከመሬት ሲነሣ 54 ዲግሪ ያህል ቀጥ ያለ ነበር፤ ግማሽ ሲደርስ ግን ግንቡ መሰንጠቅ በመጀመሩ ሠሪዎቹ ፈርተው ወደ 43 ዲግሪ አጋደሉት። ስለዚህ ከወገቡ ጎብጦ ቀረ። ሦስተኛውን ከመሠረቱ ጀምሮ በ43 ዲግሪ ሠሩት፤ 105 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለ እንከን ተፈጸመ፤ ስለ ድንጋዩ ቀለምም ቀዩ ፒራሚድ ይባላል። የጊዛውን ታላቅ ሥራ ያስቻለው ይህ በዳህሹር የተገኘው ትምህርት ነው።

የስነፍሩ ልጅ ኩፉም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ26ኛው መቶ ዓመት ነገሠ። በጊዛ አምባ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 230 ሜትር፣ ቁመቱ 146 ሜትር ተኩል የሆነ ፒራሚድ አሠራ። በውስጡ ያለው ድንጋይ 2.3 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል። አራቱ ጎኖቹ ወደ አራቱ ማዕዘናት የተቃኙት ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ክፍልፋይ በማይበልጥ ስሕተት ነው፤ ያን ዘመን ኮምፓስ አልነበረም፣ ቅኝቱ የተገኘው ሰማዩን በመመልከት ነው። ከዚያ በኋላ ከ3,800 ዓመታት በላይ በምድር ላይ ከዚህ የሚረዝም የሰው እጅ ሥራ አልተነሣም።

ይህን ማን እንደ ሠራው ብዙ ተብሏል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ መቶ ሺህ ሰው ሦስት ሦስት ወር እየተቀያየረ 20 ዓመት እንደ ደከመበት፣ ንጉሡም ጨካኝ እንደ ነበር ጻፈ። እስራኤላውያን በባርነት ሠሩት የሚለው ወሬም በብዙ ሰው አፍ ይገኛል፤ ነገር ግን በኦሪት ዘጸአት የተጻፈው የጭቃና የጡብ ሥራ ነው፤ ፒራሚዶቹም ከሙሴ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። እውነቱ ከመሬት ውስጥ የወጣው በ1990 ነው (በዚህ ጽሑፍ ከልደት በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት ከፒራሚዶቹ በስተ ደቡብ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ። ከንጉሡ መቃብር አጠገብ፣ ለወዲያኛው ዓለም የሚሆን የዳቦና የጠላ ማሰሮ ተደርጎላቸው ተቀብረዋል። በአንዳንዶቹ አጽም ላይ ተሰብሮ በወጌሻ እጅ ቀጥ ብሎ የጠገነ አጥንት ታየ። ለባሪያ እንዲህ አይደረግም። ሥራው ከባድ ነበር፤ የሠሩት ግን መጋገሪያ፣ መኝታና ሐኪም የነበራቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህም የአንዱ ሰው የሥራ መዝገብ እስከ ዛሬ ደርሷል። በ2013 በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ስፍራ፣ ፒየር ታሌ የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ የሚቀድሙትን አገኘ። ከእነርሱም አንዱ ሜረር የሚባል የጀልባ አለቃ በኩፉ የመጨረሻ ዓመታት የጻፈው የየዕለት መዝገብ ነው። ሜረር 40 ያህል ሰዎች ይዞ ከወንዙ ምሥራቅ ከቱራ ለፒራሚዱ ልባስ የሚሆን ነጭ የኖራ ድንጋይ ይጭን ነበር። በዚህ ቀን ድንጋይ ስንጭን ዋልን፣ በዚህ ቀን ተነሣን፣ በዚህ ስፍራ አደርን፣ በማግሥቱ ጊዛ ደረስን እያለ ያለ ጌጥ መዝግቧል። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። የበላይ ተቆጣጣሪያቸውም የንጉሡ ወንድም አንክሃፍ እንደ ነበር ተጽፏል። ስለ ፒራሚድ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ደረቅ መዝገብ የበለጠ ይታመናል፤ ጸሐፊው ድንጋዩን በዓይኑ አይቶ፣ በጀልባው ጭኖ የጻፈው ነውና።

ጀልባዎቹ እስከ አምባው እግር ድረስ መድረስ የቻሉት ዓባይ በሚሞላበት ወራት ነው። በበጋ የእርሻ መሬት የነበረው ሜዳ ያን ጊዜ ውኃ ይተኛበት ነበር፤ ወደ ጊዛ የተቆፈረውም ቦይ ይሞላ ነበር። የዚያ ሙላት ውኃ አብዛኛው በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበ የክረምት ዝናብ ነበር፤ በዓባይና በተከዜ ወርዶ በሐምሌና በነሐሴ ግብፅ ይደርስ ነበር። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአስዋን የመጣው ግራናይትም በዚሁ ወንዝ ተጓዘ፤ ከእርሱም አንዳንዱ ከ50 ቶን አያንስም።

ከኩፉ ልጆች ካፍሬ ሁለተኛውን ፒራሚድ አሠራ፤ አካሉ የአንበሳ፣ ፊቱ የሰው የሆነው 73 ሜትር የሚረዝመው ስፊንክስም በእርሱ ዘመን ከአንድ ቋጥኝ እንደ ተፈለፈለ ይታመናል። ቀጥሎ መንካውሬ 65 ሜትር ያህል የሆነውን ሦስተኛውን አቆመ። ከዚህ ወዲያ የነገሡት ያሠሯቸው ያነሱ ናቸው፤ ንጉሥ ኡናስ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ገደማ በሳቃራ ፒራሚዱ ውስጥ የመቃብሩን ግድግዳ በጸሎት ጽሑፍ አስሞላው። በኋላም ሌቦች መቃብሩን ሁሉ ስለ በዘበዙት ነገሥታቱ ፒራሚድ ትተው ከሉክሶር ማዶ በተሰወረ ሸለቆ ይቀበሩ ጀመር።

ፒራሚድን ለማየት መሄድ የተጀመረው በግብፃውያኑ በራሳቸው ዘመን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1400 ገደማ ቱትሞስ የሚባል ልዑል ለአደን ወጥቶ በስፊንክስ ጥላ ሥር አንቀላፋ፤ በሕልሙም ስፊንክሱ አሸዋውን ብታነሣልኝ ትነግሣለህ ሲለው ሰማ፤ አነሣለት፤ ነገሠም። ታሪኩን ያስቀረጸበት ድንጋይ ዛሬም በስፊንክሱ እጆች መካከል ቆሟል። በታላቁ ራምሴስ ዘመን ደግሞ ጸሐፍት ወደ ሳቃራ እየመጡ በጆሴር ቅጥር ውስጥ ስማቸውን በቀለም ይጽፉ ነበር፤ አንዱ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ከወንድሙ ጋር ለሽርሽር እንደ መጣ ጽፏል። ያን ጊዜ የጆሴር ሥራ 1,400 ዓመት አልፎት ነበር። የራምሴስ ልጅ ካምዋሴትም በየፍርስራሹ እየዞረ የተረሱትን ነገሥታት ስም በመቃብራቸው ላይ መልሶ አስቀረጸ፤ ለጥንት ነገር በመቆርቆር ከሚታወቁት ሰዎች ቀዳሚው እርሱ ነው ቢባል ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ግብፅ ፒራሚድን ከተወች ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የኩሽ ነገሥታት በላይኛው ዓባይ፣ በዛሬዋ ሱዳን፣ ልማዱን አነሡት። በመጽሐፈ ነገሥት ቲርሐቅ ተብሎ የተጠራው ንጉሥ በኑሪ ተቀበረ፤ ከዚያ አገር ፒራሚዶችም የእርሱ ይበልጣል። በሱዳን ያሉት ከ200 በላይ ናቸው፤ ጠበብና ቀጥ ያሉ ሲሆኑ፣ በሜሮዌ እስከ 4ኛው መቶ ዓመት፣ እስከ አክሱም ንጉሥ ዒዛና ዘመን አካባቢ ድረስ ተሠርተዋል።

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ መጣ። አስተርጓሚውም በፒራሚዱ ላይ የተጻፈውን እያሳየ ለሠራተኞቹ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት 1,600 መክሊት ብር ወጥቷል ይላል ብሎ ነገረው፤ እርሱም እንደ ሰማው ጻፈ። ከእርሱ 400 ዓመት በኋላ የመጣው ስትራቦን ከፒራሚዶቹ ሥር ምስር የሚመስል ጥቃቅን ክብ ድንጋይ ተከምሮ አየ፤ የአገሩም ሰዎች ከሠራተኞቹ ምሳ የተረፈው እህል ደንጊያ ሆኖ ነው አሉት። ያ ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ወለል የኖሩ ፍጡራን ቅሪት ነው፤ የጊዛ የኖራ ድንጋይ በእርሱ የተሞላ በመሆኑ ዛሬም ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ መንገደኛ ያገኘዋል።

በመካከለኛው ዘመን ከአውሮፓ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎች ፒራሚዶቹን ዮሴፍ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት እህል ያከማቸባቸው ጎተራዎች ናቸው ይሉ ነበር። ኸሊፋው አል ማሙን ደግሞ በ832 ግብፅ ገብቶ በኩፉ ፒራሚድ በሰሜኑ ጎን ዋሻ እንዳስቆፈረ ይነገራል፤ በሩን ስላላገኙት ድንጋዩን በእሳት አግለው ኮምጣጤ እያፈሰሱ ሰነጠቁት ይባላል። የባግዳዱ ሐኪም አብዱል ለጢፍ በ1200 አካባቢ ሲያየው ነጩ ልባስ ገና በላዩ ነበር። የሳላዲን ልጅ አል አዚዝ ዑስማን የመንካውሬን ፒራሚድ ለማፍረስ ሠራዊት አሰልፎ እንደ ነበርም ይኸው ሐኪም ጽፏል። ስምንት ወር ሙሉ ቢለፉ በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ድንጋይ በላይ ማውረድ አልቻሉም፤ ትተውትም ሄዱ፤ ቁስሉ በሰሜኑ ጎን ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ቀጥሎ የመጣው ጥፋት ነው። በ1303 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ልባሱን አላቀቀ፤ ሱልጣኖቹም የካይሮን መስጊዶችና ግንቦች ለመሥራት ድንጋዩን አጋዙት። ሜረር በጀልባ ያሻገረው ነጭ ድንጋይ በዚህ መልክ ወንዙን መልሶ ተሻገረ። ከልባሱ በካፍሬ ፒራሚድ ጫፍ ላይ ጥቂቱ ተርፏል።

በ1798 ናፖሊዮን ጦሩንና ሊቃውንቱን ይዞ ገባ። በ1818 ጣሊያናዊው ቤልዞኒ የካፍሬን ፒራሚድ ከፍቶ ሲገባ ሣጥኑ ውስጥ የበሬ አጥንት አገኘ፤ ስሙንም ከነቀኑ በግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈ። እንግሊዛዊው ቫይዝ በ1837 በባሩድ እያፈነዳ በኩፉ ፒራሚድ ከንጉሡ ክፍል በላይ ካሉት ጠባብ ክፍሎች አብዛኞቹን ደረሰባቸው፤ በዚያም ሠራተኞቹ የጻፉትን የኩፉን ስም አገኘ። የመንካውሬን የድንጋይ ሣጥን ግን ወደ ለንደን ሲልክ መርከቡ ሰጠመና ሣጥኑ በባሕር ቀረ። የጥንት ቅርስ ተመራማሪው ፔትሪ በ1880 መጥቶ ባዶ መቃብር ውስጥ እያደረ በጥንቃቄ ለካ፤ የፒራሚድ ጥናት ከግምት የወጣው በእርሱ ነው።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲመረቅ ኸዲቭ እስማኤል ለተጋበዙት ነገሥታት ከካይሮ እስከ ጊዛ መንገድ አሠራ፤ ከዚያ ወዲህ መንገደኛው በዛ። በዚያ ዘመን ወደ ጫፉ መውጣት ልማድ ነበር፤ ሁለት የመንደሩ ሰዎች እጁን ይዘው ይስባሉ፣ ሦስተኛው ከኋላ ይገፋል። ወድቀው የሞቱ በመኖራቸው መውጣት በ20ኛው መቶ ዓመት ተከለከለ።

ዛሬ ወደ ኩፉ ፒራሚድ የሚገባ ሰው የአል ማሙን ነው በሚባለው ዋሻ ያልፋል። ከዚያ ቁመቱ 1.2 ሜትር ብቻ በሆነ መተላለፊያ አጎንብሶ ሽቅብ ይወጣል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ጉልበትም ይደክማል። በድንገት ጣሪያው ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ይልና ታላቁ አዳራሽ ይገጥመዋል፤ ግድግዳው ከመገጣጠሚያው ላይ ወረቀት የማያስገባ ነው። በመጨረሻ የንጉሡ ክፍል አለ፤ ሁለንተናው ግራናይት፣ ጣሪያው ዘጠኝ ጠፍጣፋ ቋጥኝ፣ ጽሑፍም ሥዕልም የለበትም። በውስጡ ያለው ክዳን የሌለው፣ አንድ ማዕዘኑ የተሸረፈ ሣጥን ብቻ ነው። ሣጥኑ ከመተላለፊያው ስለሚሰፋ ክፍሉ ሳይከደን ከላይ እንደ ገባ ታውቋል።

በ2017 በጠፈር ጨረር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከአዳራሹ በላይ 30 ሜትር ያህል የሚረዝም ባዶ ስፍራ መኖሩን አስታወቁ፤ በ2023ም ከሰሜኑ በር በላይ 9 ሜትር ያህል የሆነ ስውር መተላለፊያ በካሜራ ታየ። በ1954 ከፒራሚዱ ሥር በ1,224 ቁራጭ ተፈትቶ የተገኘው የኩፉ የዝግባ ጀልባም ተገጣጥሞ 43 ሜትር ያህል ሆኗል፤ በ2021 በአጠገቡ ወደ ተሠራው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛውሯል።

ለጉብኝት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ይመረጣል፤ በበጋቸው ሙቀቱ ያንገላታል። ግመልና ፈረስ ከሚያከራዩት ጋር ዋጋው ከመውጣት በፊት መቆረጥ አለበት። ጊዛን ብቻ አይቶ መመለስ ግን ነገሩን ከመሐሉ መጀመር ነው፤ ሳቃራና ዳህሹር በመኪና ከካይሮ ደርሶ መልስ አንድ ቀን ይበቃቸዋል፣ ሰውም አይበዛባቸውም። የጆሴር ፒራሚድ ለ14 ዓመታት ተጠግኖ በ2020 ተከፍቷል። በቀዩ ፒራሚድ 28 ሜትር ያህል ወጥቶ በሰሜን በር ይገባል፤ 60 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ከእርሱ በስተ ደቡብ የሚታየው የጎበጠው ፒራሚድም ከ2019 ጀምሮ ውስጡ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።