የቴሌግራፈኛው እጅ

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የሞርስ ቁልፍ አለ። ቁልፍ ስል የበሩን አይደለም፤ ነጥብና ሰረዝ እየተመታ መልእክት የሚላክበትን ነው። ጄ-38 ይባላል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የተሠራ ነው። ልክፍቱ የያዘኝ አምስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤን ልጎበኝ የሄድኩ ቀን ነው። ሐኪም ምን አገናኛት የምትሉ ካላችሁ፣ የዚህ ዕቃ ታሪክ ግማሹ የሕክምና ታሪክ ነው።

ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር የታወቀውን መልእክት የላከው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። ከዚያ ወዲህ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በአንድ እጁ ወደ ታች ሲመታ ይውል ጀመር። በ1875 ፈረንሳዊው ሐኪም ኦኒመስ የሙያውን ሕመም መዘገበ፦ እጅ ይኮማተራል፣ ሠራተኛው አንዳንዱን ፊደል መምታት ያቅተዋል። አሜሪካኖቹ "የመስታወት ክንድ" አሉት። እንግሊዝ በ1908 ካሳ ከሚከፈልባቸው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር አስገባችው። በ1911 ግን ጉዳዩን የመረመረው የመንግሥት ኮሚቴ ከጡንቻው ድካም ጎን ለጎን የሠራተኛውንም "ደካማ ነርቭ" ተጠያቂ አደረገ።

የሚገርመው፣ ያኔ ከአትላንቲክ ማዶ አንድ መፍትሔ ከተገኘ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ያገኘው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን ሆራስ ማርቲን የሚባል ቴሌግራፈኛ ነው። በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቫይብሮፕሌክስ ወደ ታች አይመታም፤ ወደ ጎን ይገፋል። በአውራ ጣት ሲገፉት በስፕሪንግ የሚወዛወዝ ዘንግ ነጥቦቹን ራሱ ይደረድራል። የ5 ቁጥር አምስት ነጥብ ነው፤ በድሮው ቁልፍ አምስት ምት፣ በማርቲን አንድ ግፊት። ሰውየውን ትቶ ዕቃውን አከመው።

እኔ ይሄን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ ልብስ ሰፊ አባት እጃቸውን እያመማቸው ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቴም ማስታገሻ ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው፣ "ልጄ፣ ክኒኑ እኮ መቀሱን አይስለውም" ብለውኝ ወጡ። አልተመለሱም። ስለ መቀሱ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም ነበር።

ጄ-38ቱን ሳድስ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። መነካኪያ ነጥቦቹን በወፍራም ንጹሕ ወረቀት አጸዳኋቸው፤ ብርጭቆ ወረቀት ይበላቸዋል። የጠነከረውን ስፕሪንግ አላላሁት፣ ክፍተቱን አጠበብኩ። እንዳይንሸራተት ከባድ ብረት ላይ አሰርኩት፤ ክንዴም ጠረጴዛው ላይ እንዲያርፍ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት። የእጅ አንጓዬ ሕመም ቀለል አለኝ።

ከ2003 ወዲህ ዓለም አቀፉ ደንብ ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሞርስ ፈተና አያስገድድም፤ የሚማረው የወደደ ብቻ ነው። እኔ ግን ለተለማማጅ ሐኪሞቼ ቁልፉን አስይዣቸዋለሁ። ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 በሽተኛን ሥራውን እንድንጠይቅ አስተምሮናል። እናንተ የምታስተምሩ መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ "በምን ዕቃ ነው የሚሠሩት?"