አሥራ ሦስት ጎል በናይሮቢ

በ2013 ዓ.ም. ጳጉሜን (እ.ኤ.አ. መስከረም 2021)፣ አዲሱ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ናይሮቢ ላይ ከኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ጋር ለሴካፋ ማጣሪያ ፍጻሜ ተገናኘ። አሸናፊው በግብፅ ወደሚካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ያልፋል፤ ለሁለተኛ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

የባንኩ አጥቂ ሎዛ አበራ በማጣሪያው 13 ጎል አስቆጥራ የግብ አግቢዎችን ደረጃ በአንደኝነት አጠናቀቀች። ክለቧ ግን 2 ለ 1 ተሸነፈ። ለአጥቂ ከዚህ የመረረ ሒሳብ አይገኝም።

የዱራሜ ተወላጇ ሎዛ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት ስሟን ካስጠራች በኋላ ወደ ስዊድኑ ኩንግስባካ፣ ኋላም ወደ ማልታው ቢርኪርካራ ተሻግራለች። በ2019/20 የውድድር ዘመን በማልታ ሊግ 30 ጎል አስቆጥራ ከክለቧ ጋር ዋንጫ አንሥታለች። ለሴት ተጫዋች ከአገር ወጥቶ መጫወት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአፍሪካ ወንዶች ክለቦች ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አህጉራዊ ዋንጫ ሲኖራቸው፣ የሴቶቹ ክለቦች እስከ 2021 ድረስ እንዲህ ያለ መድረክ አልነበራቸውም። ሎዛ ከአገሯ ክለብ ጋር ወደ አህጉራዊ ውድድር የምትዘልቅበት የመጀመሪያው በር የተከፈተው፣ የተዘጋውም፣ ናይሮቢ ላይ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ንግድ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ሌላውን የኬንያ ክለብ ፖሊስ ቡሌትስን በፍጻሜው አሸንፎ አለፈ። ሎዛም በዚያው ዓመት ለአሜሪካው ዲሲ ፓወር ፈረመች።