ዶ/ር ቦናያ ጎዳና፦ ከሰሜን ኬንያ በረሃ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት

ሚያዝያ 2/1998 ዓ.ም. (እአአ ኤፕሪል 10/2006) ከናይሮቢ የተነሳ የኬንያ አየር ኃይል አውሮፕላን ማርሳቢት ከተማ አቅራቢያ ከሚገኝ ኮረብታ ጋር ተላትሞ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 17 ሰዎች 14ቱ ሕይወታቸው አለፈ። ከሟቾቹ መካከል የቀድሞው የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዶ/ር ቦናያ ጎዳና እና የሞያሌ የምክር ቤት አባል ጉራቻ ጋልጋሎ ይገኙበታል።

ተጓዦቹ በኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ በሚኖሩ አርብቶ አደሮች መካከል የተፈጠረውን ደም መፋሰስ በዕርቅ ለመቋጨት ያቀኑ ነበሩ።

የወንዞች ሕግ ምሁር

ዶ/ር ቦናያ እአአ በ1952 ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ በሆነችው ዱካና ተወለዱ። ወገናቸው የሆነው የጋብራ ማኅበረሰብ፣ እንደ ጎረቤቱ ቦረና ሁሉ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖር አርብቶ አደር ነው።

በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ካጠኑ በኋላ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ አገኙ፤ ተመልሰውም በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1985 የታተመው መጽሐፋቸው የናይል፣ የኒጀር እና የሴኔጋል ወንዞችን የጋራ አጠቃቀም ከሕግና ከተቋማት አንጻር ይመረምራል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታል። ብሪታኒያና ግብፅ በ1929፣ ግብፅና ሱዳን ደግሞ በ1959 በናይል ውኃ ላይ ስምምነት ሲፈራረሙ ኢትዮጵያ የአንዱም ተዋዋይ አልነበረችም።

በሚኒስትርነት ወንበር

በ1988 በካኑ ፓርቲ ተወዳድረው የሰሜን ሆር የምርጫ ክልልን በመወከል ምክር ቤት ገቡ። ኬንያ ወደ መድብለ ፓርቲ ሥርዓት ከተመለሰች በኋላም ምክትል አፈ ጉባኤ ሆነው አገልግለዋል።

በ1998 መጀመሪያ ፕሬዝዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በ1999 መጀመሪያ ደግሞ በግሪክ አምባሳደር መኖሪያ ተጠልለው የነበሩት የኩርዶች መሪ አብዱላህ ኦጃላን ናይሮቢ ውስጥ ተይዘው ወደ ቱርክ ተወሰዱ። ኬንያም ግሪክ አምባሳደሯን እንድታስወጣ ጠየቀች።

ዶ/ር ቦናያ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ለቀው የግብርና ሚኒስትር ሆኑ። ካኑ በ2002ቱ ምርጫ ሥልጣን ሲያጣም የምክር ቤት መቀመጫቸውን ይዘው በተቃዋሚነት ቀጠሉ።

ቱርቢ እና የሰላም ጉዞው

ሐምሌ 5/1997 ዓ.ም. ማለዳ ታጣቂዎች በማርሳቢትና በሞያሌ መካከል በምትገኘው ቱርቢ የጋብራ ማኅበረሰብ አባላት ላይ ጥቃት ከፈቱ። ከ50 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ከ20 የሚበልጡት ሕጻናት ተማሪዎች ነበሩ። የበቀል ግድያም ተከተለ። ከግጭቱ ሥር የግጦሽ መሬትና የውኃ ጉድጓድ ሽሚያ፣ የከብት ዝርፊያ እንዲሁም የፖለቲካ ፉክክር ነበሩ። ለአህጉሩ ትልልቅ ወንዞች የጋራ ሕግ ያጠኑት ምሁር፣ የትውልድ አካባቢያቸው በጉድጓድ ውኃ ሲጋደል ተመለከቱ።

ከዘጠኝ ወራት በኋላ የተጎዱት ወገኖች ተወካዮች በአንድ አውሮፕላን የተሳፈሩት ለዚህ ነበር። ዶ/ር ቦናያ ከጋብራ፣ ጋልጋሎ ከቦረና ነበሩ። የሳኩው አብዲ ሳሱራ እና የላይሳሚሱ ቲቶ ንጎዮኒም አብረው ሞቱ። ዛሬ የማርሳቢት ካውንቲ የሚባለውን ግዛት የሚወክሉት አራቱ የምርጫ ክልሎች በአንድ ቀን እንደራሴ አልባ ሆኑ። የአገር ውስጥ ጸጥታ ረዳት ሚኒስትሩ ሚሩጊ ካሪዩኪ እና የአንግሊካን ጳጳስ ዊሊያም ዋቆም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

ከእርሳቸው በኋላ

በሰሜን ሆር የተካሄደውን የማሟያ ምርጫ ያሸነፉት ኡኩር ያታኒ በ2013 የማርሳቢት ካውንቲ የመጀመሪያው ገዥ፣ በኋላም የኬንያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል።

የተጀመረውን ዕርቅ የያዙት ግን በዋናነት የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። በ2009 የቦረናና የጋብራ ማኅበረሰቦች በማይኮና እና በዋልዳ የሰላም መግለጫ አወጡ፤ ለጠፋ ነፍስና ለተዘረፈ ከብት የሚከፈል ካሳም ደነገጉ።

ያም ሆኖ ሰላሙ አልጸናም። የካውንቲ አስተዳደር ሥርዓት ሲዋቀር የሥልጣን ፉክክሩ በረታ፤ በ2012 እና በ2013 በሞያሌ ግጭት ተቀስቅሶ በርካታ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠለሉ። መሪዎቹ ሕይወታቸውን ያጡለት ዕርቅ በአንድ ጉዞ የሚጠናቀቅ አልነበረም።