የኮምፒውተር ስሌት የሚሰጠው የክሪስታል መጠን በእፍግታ መፈተሽ ይኖርበታል

በዱቄት መልክ በተዘጋጀ ማዕድን ላይ ኤክስሬይ ሲያርፍ ጨረሩ በተወሰኑ ማዕዘናት ጎልቶ ይወጣል። ከእነዚህ የጨረር ጫፎች በመነሳት በክሪስታሉ ውስጥ እየተደጋገመ የሚደረደረውን አነስተኛ ክፍል፣ ማለትም የአሃድ ሴሉን የጎን ርዝመት ለማስላት እንደ ትሬኦርና ዲክቮል ያሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ያገለግላሉ።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ከጫፎቹ ጋር መግጠሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ለማዳበሪያ የሚውለውና በዳሎል የፖታሽ ክምችት ውስጥም የሚገኘው ፖታሲየም ክሎራይድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመዳብ በሚመነጭ ኤክስሬይ ሲመረመር የመጀመሪያዎቹ ጉልህ ጫፎች ከጨረሩ ቀጥታ መስመር 28 ነጥብ 3፣ 40 ነጥብ 5 እና 50 ነጥብ 2 ዲግሪ ገደማ ርቀው ይታያሉ። ፕሮግራሙ ጎኑ 3 ነጥብ 15 አንግስትሮም የሆነ ኩብ ቢያቀርብ ሦስቱም በሚገባ ይገጥማሉ፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ትክክለኛው ርዝመት 6 ነጥብ 29 አንግስትሮም ነው።

የፖታሲየምና የክሎሪን አዮኖች እያንዳንዳቸው 18 ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው ኤክስሬይ አንዱን ከሌላው አይለይም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ልዩነታቸውን የሚያሳዩት ጫፎች እጅግ ደካማ ሆነው ከስሌቱ ውጪ ይቀራሉ። እንግሊዝ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሎረንስ ብራግ ይህንኑ ጨው ከገበታ ጨው ጋር በማነጻጸር ጉዳዩን እ.ኤ.አ በ1913 አብራርቶታል።

ስህተቱን የሚያጋልጠው እፍግታ ነው። የጨው እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ነጥብ 98 ግራም ሲሆን፣ በዚህ ሲሰላ ትንሹ ኩብ የሚይዘው ከእያንዳንዱ አዮን ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ትልቁ ኩብ በአንጻሩ ከእያንዳንዳቸው አራት አራት ይይዛል።